ያልለሰለሰ ቃል

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራነሽ ዓባይ፤

ደብዳቤሽን የጉንደ ወይኑ የጭነት መኪና ነጂ አድርሶኛል። ደኅና መሆንሽን በማንበቤ ደስ አለኝ። ስለ ሳልሽ ምንም አለመጻፍሽ ግን ተሽሎሽ ይሁን፣ ወይስ ዝም ማለት ፈልገሽ ይሁን አልገባኝም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠራኝ ደወል ባይኖርም ዛሬም በደወሉ ሰዓት እነሣለሁ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ።

አዎን፣ እቀመጣለሁ። በሰማንያ ስትጋቡ በጎረቤቴ በእንዳላማው በኩል እማኝ ሆኜ የፈረምሁት እኔ ነኝ። እማኝ የሆነ ሰው ባልና ሚስት ሊለያዩ ሲሉ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ግዴታው ነው። በአንቺ በኩል አጎትሽ ግራዝማች ፈንታ አሉ። ሰብሳቢያችን ቄስ ገብረ ኪዳን ናቸው።

«ፍቺውን በአንድ ቀን ጨርሱልኝ» ያልሽውን ግን ልንፈጽምልሽ አንችልም። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ለዕርቅ ሳይቀመጥ ስለ ፍቺ አፉን አይከፍትም። ታገሺን።

የመጀመሪያው ጉባኤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቄስ ገብረ ኪዳን ግቢ ተደረገ። ቄሱ ነገሩን እንዲህ ብለው ከፈቱት፦ «ሥራነሽ የአስተማሪነት ትምህርቷን ጨርሳ መርጡለ ማርያም ተመደበች። እንዳላማው ወፍጮ ቤቱን ትቶ አልተከተላትም። እሷም አልተመለሰችም። እነሆ ሁለት ዓመት ሆነ። የሰባት ዓመቷ አለሚቱ ከአባቷ ዘንድ ናት። እኔ የሰው ጥፋት አላየሁበትም፤ የመንገድ ጥፋት ነው።» ግራዝማች ፈንታ ቀበል አድርገው «እንግዲያው መንገዱን እንክሰሰዋ!» ቢሉ ሁላችንም ሳቅን።

እንዳላማውም ሳቀ። ቀጥሎም በትሕትና ተናገረ። በአንቺ ላይ ቂም እንደሌለው፣ ስምሽንም በክፉ እንደማያነሣ፣ በልጅቱ ጉዳይ ሽማግሌ የሚለውን እንደሚሰማ ገለጸልን። የአክብሮት ሰላምታውን አድርስልኝ ብሎኛል።

«አለሚቱ ስለ እኔ ትጠይቃለች ወይ?» ላልሽው፣ ትጠይቃለች። ከዚህ የበለጠ መጻፍ እችል ነበር፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎችሽ ፊት ሆነሽ እንዳታነቢው ፈራሁ።

አስተማሪሽ አስማማው መንግስቱ


መርጡለ ማርያም፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሼ አስማማው፤

የጉልበትዎን ነገር በአንድ ቃል አለፉት። እኔም የሳሌን ነገር በአንድ ቃል አልፋለሁ፤ ተሽሎኛል።

ደብዳቤዎን እንዳሉት ክፍል ውስጥ አላነበብሁትም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አነበብሁት፤ ደግሞ አነበብሁት። እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዳላማው ይህን ያህል ይለዝባል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። በልጄ ጉዳይ ሽማግሌ ያለውን ይሰማል የሚለውን በእርሳስ አሰመርሁበት። እኔ ለሙግት ተዘጋጅቼ ነበር። ለሙግት የተዘጋጀ ሰው እሺ ሲባል የሚያደርገው ይጠፋዋል።

ቤቱንም፣ የጓሮውን ቦታም፣ ላሟንም አልፈልግም። ይህን በጉባኤው ይናገሩልኝ። የምፈልገው አለሚቱን ብቻ ነው። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ቦታ ይዤላታለሁ። አናጢው አጠር ያለች አልጋ እየሠራላት ነው። «ለማን ነው?» ቢለኝ «ለልጄ» አልሁት። «ልጅ አለሽ እንዴ?» አለኝ። እዚህ አገር ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርሁም ነበር።

መቼ እንደምትመጣ ቀን ቁረጡልኝ። ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ደረቅ ነው። እኔው ራሴ መኪናው እስከሚደርስበት እስከ ጉንደ ወይን ድረስ በበቅሎ ወርጄ እቀበላታለሁ።

ለእንዳላማውም ሰላምታዬን ይንገሩት። አመሰግንሃለሁ ብላለች ይበሉት።

ተማሪዎ ሥራነሽ


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራነሽ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን ተቀብያለሁ። ሁለተኛው አጭር ነበር፤ መልስ አጥተሽ መቆጣትሽ ገብቶኛል።

ሁለተኛው ጉባኤ ከጥምቀት ማግሥት ተደርጓል። ምስጋናሽን ለእንዳላማው አነበብሁለት፤ ራሱን ነቅንቆ ሰማ። አንቺን ሲያነሣ በናፍቆት እንደሚያነሣሽ ልደብቅሽ አልፈልግም። ያለፈው ሁሉ በይቅርታ እንዲታለፍ፣ አንቺም አንድ ቀን መጥተሽ ፊት ለፊት እንድትነጋገሩ ይመኛል።

ስለ ቀኑ የጠየቅሽው ግን ለጊዜው ይቆይ። ያልተስማማንበት ነገር ስላለ አይደለም። ቄስ ገብረ ኪዳን «የዕርቁ በር ገና አልተዘጋም፤ የልጅ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል» ስላሉ ነው። አልጋዋ ብትሠራም አትቸኩይ። እንጨት ሲቆይ ይደርቃል እንጂ አይበላሽም።

አለሚቱ ደኅና ናት። ለምን በእኔ በኩል አንዲት ቃል እንኳ አላከችም ላልሽው፣ ሰሞኑን ትንሽ ስለደከማት ነው። አሁን ደኅና ናት።

አስማማው


መርጡለ ማርያም፣ የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለጋሼ አስማማው፤

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። አሁን የምልክልዎት ሦስተኛው ነው፤ ከሦስቱ ለስላሳው እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ ሸማ ይዛ ለገበያ የመጣች ያለምወርቅ የምትባል ነጋዴ አገኘሁ። እህሏን የምታስፈጨው እንዳላማው ጋ ነው። እኔን ስታይ አፏን በነጠላዋ ይዛ «አንቺ ነሽ እንዴ ሥራነሽ! እንደው አንቺ ሴት፣ የምን ሽማግሌ ልከሽበት ነው ሰውየው እንዲህ የሚሆነው?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?» አልኋት።

«ምን ያልሆነው አለ! ሞተሩ ሲጮህ እሱ ይጮሃል። 'ልጄን ለማንም አልሰጥም! ሽማግሌ ቢመጣ፣ ዳኛ ቢመጣ አልሰጥም!' ይላል። ጤፌን እንኳ ከዳጉሳ ጋር ቀላቅሎ ፈጨብኝ እቴ!»

ጋሼ፣ እኔ ከእንዳላማው ጋር ስምንት ዓመት በአንድ ቤት ኖሬያለሁ። «በናፍቆት» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «የአክብሮት ሰላምታ» ማለትንም አያውቅም፤ ሰው ሲሰናበት «በል ሂድ» ነው የሚለው። እኔ ሞኝ ሆኜ ሰው ሲለወጥ ይለወጣል ብዬ አመንሁ። ለካ የምመልሰው እሱ ላልተናገረው ቃል ነው። አመሰግንሃለሁ ያልሁት እርስዎን ነው። ልጄን እሺ ያለኝ እርስዎ ነዎት።

አልጋዋ አልቃ ቤቴ ገብታለች። በየቀኑ አያታለሁ። እርስዎ በደግነት ነው ያደረጉት፤ አውቃለሁ። ግን እምቢ መባልን እችለው ነበር። እሺ ተብዬ መጠበቁን ነው ያልቻልሁት።

አሁን የምለምንዎት ይህን ነው። የእሱን ቃል እንዳለ ይጻፉልኝ፤ ከነጩኸቱ። የእኔንም ቃል እንዳለ ያንብቡለት። ከዚህ በታች ያለው ለእሱ ነው፤ አንዲት ቃል እንዳይለውጡ።

እንዳላማው፤ ልጄን እፈልጋለሁ። ከአንተ ጋር ተመልሼ አልኖርም፤ ይህን ከሽማግሌ ሳይሆን ከእኔ ስማ። ትከተለኛለህ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ በር በሩን ሳይ ነበር። አልመጣህም። ለምን እንዳልመጣህ እንኳ አልነገርኸኝም። በገበያተኛው ላይ የምትጮኸውን ያህል አንድ ቀን በእኔ ላይ ብትጮህ ኖሮ ምን እንደምታስብ አውቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ትጮሃለህ፤ ማታ ቤት ስትገባ ድንጋይ ነህ። ከድንጋይ ጋር መኖር ደከመኝ። ክፉ ሰው ነህ አላልሁም፤ ደከመኝ ነው ያልሁት።

ሥራነሽ


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለሥራነሽ፤

ትክክል ነሽ። ስምንት ዓመት አብረሽው እንደኖርሽ እያወቅሁ፣ እሱ የማይናገረውን ቃል በአፉ ማድረግ አልነበረብኝም።

ነገሩን ለቄስ ገብረ ኪዳን ነገርኋቸው። «የሽማግሌ ሥራ ታዲያ ምንድን ነው? የመረረውን ማጣፈጥ አይደለም?» አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር የማስበው። በዚህ አገር ሽማግሌ የሆነ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ከዚህኛው ስድብ ሲቀበል ለዚያኛው ሰላምታ አድርጎ ያደርሳል። ብዙ ቤት በዚህ ቆሟል። የአንቺን ቤት ግን እንደዚህ እንዳቆምሁት ሳይሆን እንዳንጠለጠልሁት አየሁ። በደልሁሽ።

ሦስተኛው ጉባኤ ትናንት ነበር። ደብዳቤሽን እንዳለ አነበብሁለት። «ድንጋይ» የሚለው ላይ ስደርስ ግራዝማች ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እኔ ግን አላቆምሁም። አንብቤ ስጨርስ እንዳላማው ይናደዳል ብለን ስንጠብቅ ጭኑን መትቶ ሳቀ።

«ይቺ ናት!» አለ። «ይቺ ናት ሥራነሽ! እስከ ዛሬ ያነበቡልኝ ያቺ ጨዋ ሴት ማን ነበረች? 'አክባሪህ፣ ደኅንነትህን የምትመኝ' ምናምን ሲሉኝ እኮ ሌላ ሰው አግብታ አመሏን ለወጠች ብዬ ስፈራ ነው የከረምሁ!»

ለካ የአንቺንም ቃል ለእሱ ሳለሰልስ ኖሬያለሁ። አዎን፣ አደረግሁት።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን እየተናገረ ጻፍሁት። ጩኸቱን በወረቀት ላይ ማድረግ አልችልም፤ የቀረው ግን ይኸው፦

«ለምን አልመጣሁም? ምን ልሠራ ልምጣ? እዚያ የሞተር ወፍጮ አለ? የለም። የአስተማሪዋ ባል ተብዬ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ ልሙቅ? ይህን ለሚስቴ ልንገራት? ሚስቴ ሰው ሆና ስትመጣ እኔ ያው ዱቄቴን እንደለበስሁ ነኝ። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ይቻላል?

«ልጅቷን አልሰጥም። ሥራነሽ ለአስተማሪነት ልትማር በሄደችበት ዓመት ፀጉሯን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ጠማማ ሆነ። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ሳቁብኝ። አንዲቷ ፈትቼ ልሥራት ብትል ልጅቷ 'አባዬ የሠራው ነው' ብላ እምቢ አለች። ይህችን ልጅ ስጥ ትሉኛላችሁ? ሥራነሽ ተማረች፤ ሄደች። ልጅቷም ትማራለች፤ ትሄዳለች። እኔ ሞተሩን ይዤ እቀራለሁ። አበቃሁ።»

አበቃሁ ካለ በኋላም ከመቀመጫው አልተነሣም።

ሌላም የደበቅሁሽ አለ። በጥር አለሚቱን ደከማት ያልሁሽ ኩፍኝ ይዟት ነበር። ክፉኛ ታማለች። ቤታቸው ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የሞተሩ ድምፅ ራሷን አመማት፤ እንዳላማው ሞተሩን አጠፋው። ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ ደጁ ላይ ሲሰድበው፣ ባለ ወፍጮው አባርርሃለሁ ሲለው፣ እሱ በር ዘግቶ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። አሁን በእውነት ድናለች። ይህን በጊዜው አለመጻፌን ይቅር ማለት ካልቻልሽ ይገባኛል።

አስማማው


መርጡለ ማርያም፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለጋሼ አስማማው፤

እንኳን አደረሰዎ። ፋሲካን ብቻዬን አልነበርሁም፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሚስት ጠርታኝ ከልጆቿ ጋር ፈሰክሁ።

ይቅር ብያለሁ ብዬ ለመጻፍ ይህን ያህል ቀን ፈጀብኝ። ልጄ ታማ እኔ ሳላውቅ ሰሌዳ ላይ ፊደል ስጽፍ ነበር፤ ያ ቀላል አይደለም። ግን እውነቱን ነገሩኝ፤ ከእውነቱ ጋር ደግሞ የሞተሩን መጥፋት ነገሩኝ። ሰው ለስላሳ ቃል እያዘጋጀልኝ ባልቆየ ኖሮ ይህን ቀድሜ አውቀው ነበር።

ለእንዳላማው የሚከተለውን ያንብቡለት።

እንዳላማው፤ ዱቄትህን አላፈርሁበትም። አፍራብኛለች ብለህ ካሰብህ ያሰብኸው ብቻህን ነው። ሞተሩን ማጥፋትህን ሰማሁ። የፀጉሩንም ሰማሁ። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ያልነገርኸኝን በአንድ ቀን ለሦስት ሽማግሌ ነገርኻቸው፤ ምነው ያኔ ብትጮኸው! አሁን ግን ዘግይቷል። ይህን የምልህ በንዴት አይደለም። አንተም ዘግይቷል ብለህ የምታስብ ይመስለኛል፤ ካላሰብህ ንገረኝ።

አለሚቱ ተምራ ትሄዳለች ብለህ ፈርተሃል። ትሄድ ይሆናል። ሳትማር ብትቀርም ታድጋለች፤ ያደገች ልጅ ትሄዳለች። እኔ ከአንተ ልወስዳት አይደለም የፈለግሁት፤ እኔም ልኖራት ነው። ደብረ ማርቆስ እንድዛወር ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፤ አልፈቀዱልኝም። ይህንን አልነገርሁህም። እኔም ከአንተ የተሻልሁ ተናጋሪ አይደለሁም ማለት ነው።

አለሚቱ ከሁለታችንም ጋር የምትኖርበትን መንገድ አንተው ንገረኝ። ከሽማግሌ ቀድመህ አንተው።

ሥራነሽ


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራነሽ፤

ፍቺው ትናንት ተፈጽሟል። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብለት «ዘግይቷል» የሚለው ላይ አስቆመኝ። «ድገሙልኝ» አለ። ደገምሁለት። «እውነቷን ነው» አለ፤ ይህን ሲል አልጮኸም። ቄስ ገብረ ኪዳን «እንግዲህ የዕርቁን በር ዘጋን» ብለው አማተቡ። «ቁርባን ባለመቁረባቸው ዛሬ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላውቅም» አሉም።

የልጅቱ ነገር ቀረበ። ግራዝማች ፈንታ ቆንጆ መስሏቸው «በትምህርት ጊዜ ከእናቷ፣ ለክረምት ዕረፍት ከአባቷ ትሁን» አሉ። ቄሱም መልካም ነው አሉ። እኔም ብዕሬን አነሣሁ። እንዳላማው ብድግ አለ።

«በሐምሌ ነው ልጄን የምታመጡልኝ? ከእናንተ መካከል ያንን መንገድ በሐምሌ ያየው አለ? መኪናው ከቢቸና አያልፍ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ በቅሎዋ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ! ሽማግሌ ናችሁ ወይስ ሽፍታ?»

ግራዝማች «ኧረ ይህ ሰው እኛንም ሊፈጨን ነው!» ቢሉ ቄሱ እንኳ ሳቁ። ግን እውነቱን ነበር። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር በመንገድ ላይ ልጅ የሚገድል ነበር።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልሁት።

ከመሬት የሣር ቁራጭ ነቀለ። በኋላ እንዲህ አለ፦ «መንገዱ ሲደርቅ ትሂድ። ከመስቀል በኋላ እኔው ጉንደ ወይን አደርሳታለሁ። ዝናቡ ሳይጀምር ደግሞ እሷ ታምጣልኝ። ክረምቱን ከእኔ ጋር ትሁን።»

«ትምህርቱ ከፊትም ከኋላም ይቆረጥባታል» አልሁት።

«እናቷ አስተማሪ ናት። ሌላው ልጅ አስተማሪውን ትምህርት ቤት ትቶ ይገባል፤ የእኔ ልጅ አስተማሪዋን ይዛ ትተኛለች። ምን ጎደለባት?»

«ዝናብ ሳይጀምር» ብዬ በቃሉ ጻፍሁት። ቀን አልጻፍሁም፤ ዝናቡ ቀን አይቆጥርምና።

ከንብረቱ ምንም አልፈልግም ያልሽውን አልተቀበልንም፤ ሕጉ እኩል ነው። ቤቱ ለእሱ ሆነ፤ ላሟና የጓሮው ቦታ ለአንቺ። ላሟን እሱ ይጠብቅልሻል፤ ወተቱን ክረምት ክረምት ልጅቱ ትጠጣዋለች።

ልንፈርም ስንል «አንድ ነገር ይጨመር» አለ። «ሥራነሽ ክፉ አልነበረችም ብላችሁ ጻፉ።»

ቄስ ገብረ ኪዳን «በፍቺ ውል ላይ እንዲህ ያለ አይጻፍም፣ ልጄ» አሉት።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚጻፈው? የክፉው ብቻ? ልጅቷ አንድ ቀን ታነበዋለች እኮ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ሰው መጻፍ ሳስተምር ኖሬ ይህን ለመጻፍ ቦታ ፈለግሁ። ከንብረቱ በታች፣ ከጣት አሻራው በላይ ጻፍሁት። ግልባጩ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የአንቺን ፊርማ ይጠብቃል።

አስማማው


መርጡለ ማርያም፣ ጥቅምት 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለጋሼ አስማማው፤

ለጠየቁኝ ሁሉ መልሱ፣ ደርሳለች ነው።

እንዳላማው ቃሉን ጠብቋል። ጉንደ ወይን ገበያ መካከል ተገናኘን። እንደ ልማዱ ስለሚጮህ ሰዉ የተጣላን መስሎት ከበበን፤ አንዲት ሴትዮ «ኧረ በማርያም ይብቃችሁ፣ ልጅቷ ታያችኋለች!» ብላ በመካከላችን ገባች። እሱ ግን የሚነግረኝ ልጄ ስትተኛ በግራ ጎኗ እንደሆነ፣ ሽንኩርት ነክሳ እንደምትተፋ፣ ሲርባት ዝም እንደምትል ነው። «ዝም ስትል ደግሞ ጠይቂያት፤ የእኔ ልጅ ናት» አለኝ።

ውሉ ላይ ያስጻፈውን እንዳነበብሁት ነገርሁት። «እህ» ብቻ አለኝ። እኔም የእኔን ከሱ በታች ጨምሬ መፈረሜን ነገርሁት። ምን ብለሽ? አላለኝም። «አንተም አልነበርህም» ብዬ ነው የጻፍሁት።

አለሚቱ የመጀመሪያውን ሳምንት በትምህርት ቤት «እማዬ» ማለት እያሳፈራት ምንም ሳትጠራኝ ከረመች። ዛሬ በክፍል መካከል እጇን አውጥታ «እማ… መምህርት» አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ተማሪዎ ሥራነሽ


ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 1 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራነሽ፤

የጠየቅሽኝ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ይዤው ቆየሁ።

አለሚቱ ከክፍሏ አንደኛ መውጣቷ አስደስቶኛል። የዓመቱ ፈተና በሰኔ አጋማሽ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ይህን ካልተፈተነች አንደኛ ክፍልን ትደግማለች የሚለው የዲሬክተሩ ቃል እውነት ነው። «ዝናብ ሳይጀምር የሚለው ትንሽ ሊሳብ ይችላል ወይ?» ብለሻል። አስተማሪውን ከጠየቅሽ፣ ትፈተን ይልሻል። ውሉን የጻፈውን ከጠየቅሽ ደግሞ፣ በሰኔ አጋማሽ መንገዱ አይኖርም ይልሻል። መንገዱ ከሌለ ክረምቱ ሁሉ የአንቺ ይሆናል፤ እስከ መስቀል።

ለእንዳላማው ገና አልነገርሁትም። ልንገረው ካልሽ እንዳለ እነግረዋለሁ። እንደ ድሮው «ጥቂት ቀን ትዘገያለች» ብዬ አላለሰልሰውም።

ሌላ ማወቅ ያለብሽ አለ። የምነግርሽ ልብሽን ላባባ አይደለም፤ የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ሰማዩን እያየ ነው የሚውለው። ከባለ ወፍጮው ፈቃድ ጠይቋል። የጭነት መኪናውን ነጂ በየሳምንቱ «መንገዱ እንዴት ነው?» እያለ አሰልችቶታል። «አታመጣት ይሆን?» ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የሚፈራውን አይጠይቅም።

ውሳኔው የአንቺ ነው።

አስማማው


ጉንደ ወይን፣ ግንቦት 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለጋሼ አስማማው፤

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት እንዳላማው ራሱ ነው። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን አያርሙ።

ለዲሬክተሩ «ትድገም» አልሁት። «እንዴት አስተማሪ ሆነሽ ልጅሽን ታስደግሚያለሽ?» አለኝ። መልስ ነበረኝ፤ ረጅም ስለሆነ ተውሁት። አለሚቱ ግን አለቀሰች። ሙሉ ቀን አኮረፈችኝ። ሁለተኛ ለወጣችው ልጅ እርሳሷን ሰጥታ ነው የተነሣችው። እውነቱን ለመናገር እኔም በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ በቅሎዋን ላዞር አስቤያለሁ። ከኋላችን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ አንድ ሳምንት ብቆይ ኖሮ ዝናቡ ራሱ በእኔ ፈንታ ይወስንልኝ ነበር፤ ማንም አይወቅሰኝም።

ስንደርስ እንዳላማውን እዚሁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ባለ ሱቁ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚህ ነው አለኝ። አለሚቱ ከበቅሎዋ ላይ ሆና «አባዬ!» ብላ ተጣራች። ብድግ አለ። ወደ እሷ አልሄደም፤ መጀመሪያ እኔን አየኝ።

«አመጣሻት» አለኝ። በጣም ቀስ ብሎ ስለተናገረ የእሱ ድምፅ አልመሰለኝም።

«አመጣኋት» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ነው እጁን የዘረጋላት።

አሁን ከመኪናው አጠገብ ናቸው። ፈተናውን እየነገረችው መሆን አለበት፤ እጇን እያወናጨፈች ነው፤ እሱም አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ቅድም መጥቶ «ልትደግም ነው አለችኝ፤ እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልሁት። ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ነጂው እንሂድ እያለ ይጣራል። መኪናው ሲነሣ ቆሜ ማየቱን ከአሁኑ ፈርቼው ነበር። እንዳላማው ግን ለነጂው «ቆይ!» ብሎ ጮኸበትና ወደ እኔ መጣ። «የአንቺ መንገድ ነው ጭቃ የሚሆነው» አለኝ። «ቅደሚ። እኛ እዚህ ቆመን እናይሻለን።»

ስለዚህ ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜ ለእሱ እሰጠዋለሁ። በቅሎዬ ተጭናለች፤ እነሱም ቆመዋል።

ሥራነሽ